ጋሽ ሁልጊዜ እና መጠየቅ የተወው ኮምፒውተር

መሥሪያ ቤት የተባለ ሁሉ፣ ደመወዙን በአንድ ሥራ እየበላ ስሙ በሌላ ሥራ የሚነሳ ሰው አያጣም። ዘበኛው ሰዓት ይጠግናል፤ ሾፌሩ የተጣላ ባልና ሚስት ያስታርቃል። ከሁሉም ግን የማይቀረው፣ ማንም ሳይሾመው ራሱን የሾመው፣ ከየትኛውም ክፍል "ፋይሌ እምቢ አለኝ!" የሚል ድምፅ ሲሰማ ከወንበሩ የሚስፈነጠረው ሰው ነው። እናንተም ጋ አለ። "እኛ ጋ የለም" የሚል ካለ ምናልባት ሰውዬው ራሱ ነው።

የሕንፃ ንድፍ በሚጸድቅበት አንድ መሥሪያ ቤት፣ ምድር ቤት ካለው የማኅደር ክፍል የሚሠሩት ሰውዬ ከእነዚህ አንዱ ናቸው። እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። ሌላው ሰው ሁሉ፣ ከሥራ አስኪያጁ እስከ ጽዳት ሠራተኛዋ፣ "ጋሽ ሁልጊዜ" ነው የሚላቸው። ክብር ሲጨመርበት ደግሞ፣ ማለትም የሕንፃ ነዳፊው ሊያሾፍባቸው ሲፈልግ፣ "ሊቀ ቀኝ ክሊክ" ይባላሉ። ማዕረጉን አልተቃወሙም። እንዲያውም አንዴ ሲጠሩበት ኮታቸውን ሲያስተካክሉ ታይተዋል።

ስሙ የወጣላቸው እንዲህ ነው። ኮምፒውተር፣ ሲያዩት ሊቅ ይመስላል እንጂ፣ ፋይል ሲሰጡት ገልጦ አያነብም። ከስሙ ጫፍ፣ ከነጥቧ ቀጥላ የተንጠለጠለችውን ጭራ ያይና "ይሄ የፎቶ ወገን ነው፣ ያ የደብዳቤ ወገን ነው" ብሎ ይገምታል። ከዚያ ያንን ወገን የሚከፍተውን ፕሮግራም ይጠራል። ማንን እንደሚጠራ ግር ካለው፣ ወይም ሁለት ሦስት ፕሮግራሞች "እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ" እያሉ ከተጋፉ፣ አንዲት ትንሽ ሳጥን ብቅ ያደርግና ይጠይቃል፦ "ይህን ፋይል በምን ልክፈተው?" ከታች ሁለት ቁልፎች አሉ። አንዱ "አንዴ ብቻ" ይላል። ሌላው "ሁልጊዜ"።

ሰው ደግሞ መፍራቱ አይቀርም። "ሁልጊዜ" የሚለውን መንካት የመፈረም ያህል ስለሚከብደው "አንዴ ብቻ" ብሎ ያልፋል። በማግሥቱ ማሽኑ ያንኑ ይጠይቀዋል፣ እሱም ያንኑ ይመልሳል። ጋሽ ሁልጊዜን የሚያንገበግባቸው ይሄ ነው።

"ሁልጊዜ በይው!" ይላሉ፣ መነጽራቸውን ከግንባራቸው ወደ አፍንጫቸው እያወረዱ። "አንዴ ብቻ፣ አንዴ ብቻ እያልሽ ዕድሜሽን ልትጨርሺ ነው? ማሽን ሲለምድብሽ መጥፎ ነው። ሁልጊዜ በይውና እሱም ይረፍ፣ አንቺም እረፊ!"

ሐሜት አይሁንብኝና፣ የሥራ አስኪያጁ ፀሐፊ አንድ ቀን የስብሰባ ፎቶ ልትከፍት ብትነካው ሙዚቃ ማጫወቻው ተከፈተባት። ስክሪኑ ጥቁር፣ ድምፁ ጭጭ።

"ጋሽዬ!" ብላ በደረጃው ቁልቁል ጮኸች። "ሥራ አስኪያጁ ዘፈን ሆነው ቀሩብኝ!"

ጋሽ ሁልጊዜ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለሉ ወጡ። ጉልበት አለኝ ለማለት ሳይሆን ሌላ ሰው እንዳይቀድማቸው ነው። ደርሰው ጎንበስ አሉና፣ ሆድ ቁርጠት የያዘውን ሰው "ምን በላህ?" በሚል ሐኪም ቃና፣ "ትናንት ምን ጫንሽበት?" አሉ።

"ኧረ ምንም! አንዲት የዘፈን ፕሮግራም ብቻ…"

"አላልኩም! አዲስ ፕሮግራም ማለት እኮ ለሁለት ቀን ብሎ የመጣ ዘመድ ነው። ገና በር ላይ ቆሞ 'ሁሉንም እኔ ልክፈትልሽ?' ይልሻል። አንቺ ሳታነቢ እሺ። በነጋታው ካልሲውን ቁም ሣጥንሽ ውስጥ ታገኚዋለሽ።" ቀኝ ክሊክ፣ አንድ ሁለት መርጠው፣ "ሁልጊዜ"። ሥራ አስኪያጁ ከነከረባታቸው ብቅ አሉ።

ነዳፊው ጋ ደግሞ የባለ ፎቁ ንድፍ፣ ልጆች ፀሐይና ቤት በሚስሉበት የቀለም መቀቢያ ተከፍቶ ተገኘ። ነዳፊው ምላሱ የማያርፍ ሰው ነው። ጋሽ ሁልጊዜ ትከሻው ላይ አገጫቸውን ሊያሳርፉ ትንሽ ሲቀራቸው፣ "ሊቀ ቀኝ ክሊክ፣ አለቃዬም ከጠዋት ጀምሮ ፊቱን ዘግቶብኛል፤ በምን ልክፈተው?" አላቸው።

"በሰዓትህ በመግባት" አሉት ሳይዞሩ። "ሁልጊዜ በለው።"

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ጋሽ ሁልጊዜ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁና እሳቸውም ትንሽ ጨመሩበት።

ችግራቸው ሥራው ሲያልቅ አለመሄዳቸው ነው። ፋይሉ ተከፍቶ፣ ባለቤቱ ሊያነበው አፉን ከፍቶ እየጠበቀ፣ እሳቸው ማውሱን አይለቁም። "ልጁ ጥርስ አወጣ? የላዩን ነው የታቹን? አከራይሽ ዝም አለች? ያ ሳል ሲመጣ በደረቁ ነው?" መልሱን ደግሞ ዝም ብለው አይቀበሉም፣ ይመረምሩታል። ማውሱ እጃቸው ላይ እስካለ ድረስ ወሬው የሥራ ወሬ ነው፤ ማንም "ሥራ ፈቱ" ሊላቸው አይችልም። ማውሱን ከእጃቸው ለመቀበል የማይሞከር ዘዴ የለም። አንዷ ስልክ የተደወለላት ታስመስላለች። አንዱ ሽንት ቤት እሄዳለሁ ብሎ ወጥቶ፣ ሲመለስ እሳቸው እዚያው ናቸው፣ ጥያቄውንም ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

ሌላም ነገር አለ። ጋሽ ሁልጊዜ የሚወዱት አንድ አሮጌ ማንበቢያ ፕሮግራም ነበር። ፊደሉን የአውራ ጣት ያህል አድርጎ የሚያሳይ ነው። በየጠረጴዛው ደብዳቤ የሚከፈተው በዚያ ነው፤ እሳቸው "ሁልጊዜ" ብለውታላ። ሰውም ኮምፒውተር ሲፈጠር እንዲህ ነው ብሎ ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ በዚያ መሥሪያ ቤት ምስጢራዊ ደብዳቤ የሚባል ነገር ቀረ። የፀሐፊዋን ስክሪን ባለጉዳይ ከኮሪደር ቆሞ ያነበዋል፤ አንዳንዱም "ሦስተኛው መስመር ላይ ስሜ ተሳስቷል" ብሎ ያርማታል።

እንግዲህ ቀን ይህን ሲያይ የዋለ ሰው፣ ጋሽ ሁልጊዜ ማታ ቤታቸው ሲገቡ ምን እንደሚያደርጉ ቢነገረው አያምንም።

ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ልጃቸው ሌላ ከተማ ነው፤ ሲመቸው የልጁን ፎቶ ይልካል። ከሥራ ገብተው፣ ኮታቸውን ሰቅለው፣ ራታቸውን ከድስቱ ላይ እየበሉ፣ ከመሥሪያ ቤት ይዘዋት የሚመጡትን ላፕቶፕ ይከፍታሉ። አንድ ፎቶ ይነካሉ። ላፕቶፗ ብቅ ብላ ትጠይቃለች፦ "በምን ልክፈተው?"

"እስቲ እንይ…" ይላሉ ጮክ ብለው። "ትናንት በዚያኛው ነበር። ዛሬስ በዚህኛው ይሁን።" እና ያ በየቢሮው "ሁልጊዜ" እያለ ሰው የሚያስጨንቀው ጣት፣ ቀስ ብሎ "አንዴ ብቻ" ላይ ያርፋል።

ሁለተኛውን ፎቶ ይነካሉ። ትጠይቃለች። ይመልሳሉ። ሦስተኛውን። እንዲህ እያሉ ያመሻሉ። በዚያ ቤት ውስጥ ጀምበር ካዘቀዘቀች በኋላ ሌላ የሚጠይቃቸው የለም። ሻይ ልድገምዎ የሚል፣ በሩን ዘጉት ወይ የሚል፣ ዛሬ ምን ዋሉ የሚል የለም። እሷ ብቻ ናት። እሷንም "ሁልጊዜ" ብለው አፏን ሊያዘጓት አልጨከኑም።

ነገር የመጣው ከአዲሷ የአይቲ ባለሙያ ጋር ነው። ወጣት ናት፣ ፈጣን ናት፣ ሰው አትንቅም፤ ግን ስትራመድም ስታወራም ቀጥታ ነው። የመጣችው ሁሉም ኮምፒውተር ሁሉንም ፋይል አንድ ዓይነት እንዲከፍት፣ ማንንም እንዳይጠይቅ ልታደርግ ነው። ወሬው ምድር ቤት ሲደርስ ጋሽ ሁልጊዜ የያዙትን ንድፍ ጥቅልል ጠረጴዛ ላይ ጥለው ወጡ።

"ልጄ፣ ይሄ ነገር እዚህ አይሠራም" አሏት ገና ከበሩ። "እዚህ እያንዳንዱ ማሽን ጠባይ አለው። እኔ አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ።"

"አይቻለሁ ጋሼ" አለች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። "ማሽኑ መጀመሪያ የሚሰማው ተጠቃሚው የመረጠውን ነው። ተጠቃሚው ካልመረጠ መሥሪያ ቤቱ የመረጠለትን፤ እሱም ከሌለ ከፋብሪካው የመጣውን። እኔ ደግሞ ፎቅ በፎቅ ብዞር የተጠቃሚ ምርጫ ሞልቷል፤ ሁሉም ግን አንድ ነው። መቶ ጠረጴዛ ቢኖርም እዚህ ቤት ተጠቃሚው አንድ ሰው ነው።" ዞር ብላ መነጽራቸውን አየች። "እርስዎ ነዎት አይደል? ቢሮው በሙሉ እኮ በእርስዎ ዓይን ነው የሚያነበው።"

"እንዲታያቸው ብዬ ነው።"

"ማን አልታየኝም አለዎት?"

ጋሽ ሁልጊዜ አሰቡ። እውነትም ማንም አላለም። ልጆች ናቸው፤ ትንኝ ከነዐይኗ ይታያቸዋል።

"ታዲያ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ከእንግዲህ ሰው ፋይል እምቢ ሲለውስ?"

"አይለውም።"

"ቢለውስ?"

"መልእክት ይልክልኛል፤ እኔ ካለሁበት ሆኜ አስተካክለዋለሁ። ማንም ደረጃ ሲወጣ ሲወርድ መዋል የለበትም።"

"እኔ ደረጃ አይከብደኝም" አሉ ጋሽ ሁልጊዜ።

እሷ ግን ቀጥላለች። የሰው ሁሉ የግል ምርጫ ተጠራርጎ ጠፋ፣ የመሥሪያ ቤቱ በቦታው ተተካ። በመጨረሻ "ላፕቶፕዎንም ያምጧት፣ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት አይደለች?" አለቻቸው። አመጡ። ሊሏት የፈለጉት ነገር ነበር። ግን "ይህቺን ተያት፣ ማታ ማታ ትጠይቀኛለች" ተብሎ ለሰው ልጅ እንዴት ይነገራል? ሰጧት።

የሚቀጥለው ሳምንት ጸጥታ፣ ምድር ቤት የነበረ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው። ጋሽ ሁልጊዜ በራቸውን ገርበብ አድርገው፣ ጆሯቸውን ወደ ደረጃው አዙረው ተቀመጡ። ከላይ የሚሰማው የጫማ ኮቴ፣ የበር ድምፅ፣ ሳቅ ነው። "ጋሽዬ!" የሚል የለም። ሲብስባቸው ባዶ ብርጭቆ ይዘው፣ ውሃ ፈላጊ መስለው ወጡ። ፀሐፊዋ ጋ ቆሙ።

"ይጠይቅሻል?"

"ኧረ ሰላም ነው ጋሽዬ! ምንም አይጠይቀኝም። እንደው ስነካው ቦግ ነው።" ፊደሎቿ ትንንሽ ሆነዋል፣ ከቆሙበት ሆነው አንዱንም ማንበብ አልቻሉም።

ስለ ቤቷ ሊጠይቋት አሰቡ። ግን ማውሱ እሷ እጅ ላይ ነው። ሰው የሰው ቢሮ ገብቶ፣ ማውስ ሳይዝ፣ ቀኝ እጁን ምን ያደርገዋል? እጃቸውን አንዴ ጠረጴዛው ላይ፣ አንዴ ወገባቸው ላይ ሞከሩት። የትም አልሆነ። ብርጭቋቸውን ይዘው ወጡ፣ ውሃም አልቀዱ።

ኮሪደር ላይ ነዳፊው ጠበቃቸው። "ሊቀ ቀኝ ክሊክ! ሳንሸኝዎ ጡረታ ወጡ እንዴ?" ሰው ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። ደረጃውን ግን አንድ አንዱን ነው የወረዱት።

ማታ ቤት ገቡ። ልጃቸው አዲስ ፎቶ ልኳል። የልጅ ልጃቸው ባልዲ ራሱ ላይ ደፍቶ ቆሟል። ነኩት። ቦግ አለ። ዘጉትና ደግመው ነኩት። ቦግ። "እስቲ እንይ…" አሉ እንደ ልማዳቸው። የጠየቃቸው ግን የለም። ላፕቶፗን ከድነው፣ ራታቸውን ቆመው ጨረሱ።

ከዚያ በኋላ ወደ ላይ መውጣቱን ተዉት። ምሳቸውን በንድፍ ጥቅልሎች መካከል መብላት ጀመሩ። የሚያሳዝነው፣ ይህን ልብ ያለ ሰው አለመኖሩ ነው። ሰው ከእጁ ማውሱን የሚነጥቀው ሲጠፋ መጀመሪያ የሚሰማው ዕረፍት ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ በደረጃው ኮቴ ወረደ። ሹል ተረከዝ ነው። እዚያ ደረጃ ላይ የሴት ተረከዝ ተሰምቶ አያውቅም። ፀሐፊዋ በሩን ገፋ አድርጋ፣ አቧራውን በእጇ እያባረረች ገባች።

ጋሽ ሁልጊዜ ከወንበራቸው ተስፈነጠሩ። "እምቢ አለሽ? የቱ ነው? የፎቶ ነው የደብዳቤ?"

"ኧረ ሁሉም ይከፈታል።"

"ፍላሽ ይዘሽ ነው?"

"ፍላሽም አልያዝኩ።" ዙሪያውን አየች፤ የምትቀመጥበት የለም፤ ያቺው የእሳቸው አንዲት ወንበር ናት። "ጋሽዬ፣ ተቀየሙኝ እንዴ?"

"እኔ? ምን አድርገሽኝ?"

"እናቴ ወድቃ ወገቧን ከተሰበረች ወዲህ፣ በመጡ ቁጥር ስለ እሷ የሚጠይቁኝ እርስዎ ነበሩ። አሁን ድምፅዎ ጠፋ። እሷ ደግሞ ትናንት ተራመደች! ከአልጋው እስከ መስኮቱ። ጠዋት ገብቼ ለላዮቹ ብነግራቸው 'ደስ ይላል' ብለው ወደ ስክሪናቸው ዞሩ። 'ደስ ይላል' ብቻ! እርስዎ ቢሆኑ…" ቀይ እጅ መሐረቧን አወጣችና አፍንጫዋን ጠረገች፣ "እርስዎ ቢሆኑ በየትኛው እግሯ ጀመረች ይሉኝ ነበር።"

ጋሽ ሁልጊዜ ያን ሁሉ ዘመን ወሬውን የሚያስወራው ፋይሉ መስሏቸው ነበር። ፋይሉን ስለከፈትኩላት ትታገሠኛለች፣ ጥያቄዬንም እንደ ቅጣት ትቀበላለች ብለው ነበር። ቀኝ እጃቸው እንደ ልማዱ ማውስ ፍለጋ ጠረጴዛው ላይ ተንቀሳቀሰና ጥቅልል ነክቶ ተመለሰ። በመጨረሻ ኪሳቸው ከተቱት።

"በየትኛው እግራቸው ጀመሩ?" አሉ።

"በግራዋ!"

"በግራ! ግራው አልነበረም እንዴ የሚያማቸው?"

"እሱ እኮ ነው የገረመኝ…" ብላ ጀመረች። ሥራ አስኪያጁ ደውለው እስኪጠሯት ድረስ፣ እሷም እሳቸውም ቆመው፣ አሮጊቷን ከአልጋው እስከ መስኮቱ እያንዳንዱን እርምጃ አራመዷት።

በማግሥቱ ጋሽ ሁልጊዜ ከዕቃ ግምጃ ቤት አንድ ወንበር ሲጎትቱ በኮሪደሩ ታዩ። ጩኸቱ እስከ ላይኛው ፎቅ ይሰማል። ነዳፊው አንገቱን በበር አወጣ።

"ጋሽዬ! ምንድነው እሱ? ሁለተኛ መቀመጫ አበቀሉ እንዴ?"

"እንግዳ አለብኝ" አሉ፣ እየጎተቱ።

"እዚያ አቧራ ውስጥ? ማን አብዶ?" ነዳፊው ሳቀ፤ ግን ደረጃው አፋፍ ላይ ሲደርሱና ወንበሩ ሲከብዳቸው ባየ ጊዜ፣ እያጉረመረመ መጥቶ በአንድ ወገን ያዘው። ተያይዘው አወረዱት። ጥግ ላይ አስቀመጡት። ወንበሩ በአንድ እግሩ ያነክሳል።

"ይሄማ እንግዳዎን ይጥላል" አለ ነዳፊው። "ቆይ እስቲ፣ ልሞክረው።" ተቀመጠ። ወዘወዘው። አልጣለውም። ሊነሳ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ፣ ግን አልተነሳም። ዓይኑን ጥቅልሎቹ ላይ ተከለ።

"ወንድሜ ሊሄድ ነው" አለ ድንገት፣ ያ ሁሉ ፌዙ ከድምፁ ወጥቶ። "ጠቅልሎ። ከተኳረፍን እኮ ከርመናል። ትናንት እቃውን መኪና ላይ ሲጭን ከቤቴ መስኮት አየሁት… አልወረድኩም።"

ጋሽ ሁልጊዜ የራሳቸውን ወንበር ሳቡ፣ ፊት ለፊቱ አደረጉት፣ መነጽራቸውን ከግንባራቸው ወደ አፍንጫቸው አወረዱ።

"እሺ" አሉት፣ "ምን ምን ጫነ?"